ትልቅ ሰው ጥሪልን ያሉኝ ጠዋት

አክስቴ ልታገባ ነው። ኒካሁ ከዒድ በኋላ እንዲሆን ባለፈው እሁድ ተቆረጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቴን መሰብሰብ አቅቶኛል። ክፍል ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል የአማርኛ መምህራችን አዩኝና «ምን ተገኘ ሐያት?» አሉኝ። በእረፍት ሰዓት ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ደወል ተደወለ፤ እሳቸው ግን ከወንበራቸው አልተነሱም። «ይሄንን ጻፊውና ለጋዜጣ ላኪው» አሉኝ። እኔ ድሮ ድርሰት ሲባል ደብተሬን የምደብቅ ልጅ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ። ስለዚህ ይኸው።

የምነግራችሁ ያለፈው ዓመት ጥቅምትና ኅዳር የደረሰብኝን ነው። ከአእምሮዬ የማይወጣው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ሰው በሞላበት ግቢ ውስጥ ብቻን መሆን እንዴት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

አዳማ የምንኖረው እኔና አክስቴ ሰዓዳ ነን። እታታ ነው የምላት፤ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ፊደል ሳልጨርስ ስለሄደች ያሳደገችኝ እታታ ናት ማለት ይቻላል። እታታ ከዓለም ጤናና ከመቂ ሽንኩርት እያስጫነች አዳማ ገበያ ታከፋፍላለች፤ ሲተርፋት መርካቶ ለምትገኝ ደንበኛዋም ትልካለች። ገበያ ውስጥ ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ የእሷ ነው። ቤት ስትገባ ግን ዝም ማለት ትወዳለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ትነክርና «በይ አውሪልኝ» ትለኛለች። እኔ አወራለሁ፤ እሷ ታዳምጣለች።

ጥቅምት ላይ የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር ጋበዘ። ወንዶቹን ወደ ሌላ ክፍል ልከው ስለ ጡት ካንሰር አስተማረችን። ከጨርቅ የተሰፋ የጡት ቅርጽ ይዛ መጥታ ነበር፤ ውስጡ ትናንሽ ዶቃ ተደብቆበታል፤ በጣታችን እየፈለግን እንድናገኘው አደረገችን። ሴት ልጅ የራሷን ሰውነት ማወቅ እንዳለባት፣ አዲስ እብጠት ወይም የቆዳ መጨማደድ ስታይ ቶሎ መታየት እንዳለባት ነገረችን። ሲያልቅ የቤት ሥራ ሰጠችን። እያንዳንዳችን ቤት ሄደን አንዲት ትልቅ ሴት እንድናስተምር።

የእኔ ትልቅ ሴት ያው እታታ ናት። ማታ እግሯን ውሃ ውስጥ እንደነከረች ፊቷ ቆሜ የሲስተሯን ድምፅ እያስመሰልኩ አስተማርኳት። በሳቅ ሞተች። «ኧረ ሂጂ እዚያ፣ ዶክተር ሐያት» እያለች ታሾፍብኛለች። ብቻ ደስ እንዲለኝ ብላ ያልኳትን አደረገች፤ እጇን በቀሚሷ ላይ አስኬደች።

ሳቋ መሀል ላይ ቆመ።

እጇን መለሰች። እንደገና እዚያው ቦታ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ «ሐያት፣ እስኪ ውጪ ልብሱን አስገቢልኝ» አለችኝ። ልብሱ ውሃው ገና አልተንጠፈጠፈም ነበር። ግን ወጥቼ እርጥቡን ሰብስቤ ገባሁ፤ እሷም እርጥቡን ተቀብላ አጣጠፈችው።

በማግስቱ ስልኳን ከደረቷ አውጥታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የገበያ ሴት ስልኳን ሌላ የት ታደርጋለች? ሁለቱም እጇ ሥራ ላይ ነው፤ ኪስ ያለው ሌባ ነው የሚከበው። እታታ ከድሮ ጀምሮ ስልኳን የምትይዘው በግራ በኩል ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ነበር። እብጠቱንም ያመጣው ስልኩ ነው ብላ ደመደመች። «ሙቀቱ ነው ያጠጠረው፤ ካወጣሁት ይሟሟል» አለችኝ። ሲስተሯ እንደዚያ እንዳላለች ነገርኳት። «ሲስተሯ ሽንኩርት ሸጣ ታውቃለች?» ብላ ዘጋችኝ።

ቀኑ እየሄደ ነው። በየጊዜው እጠይቃታለሁ። «እየሟሟ ነው» ትለኛለች። እየሟሟ እንዳልሆነ ከአነጋገሯ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንጀራ እየበላን ሳለ እንደ ቀልድ «እማዬም እኮ እንዲሁ ነበር የጀመራት» አለች። አያቴ በምን እንደሞተች ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ኮምቦልቻ ሳለች ነጠላ በላይ በላይ እየደረበች ሸፍና፣ ለባሏም ለልጆቿም ሳትነግር ቆይታ፣ ያወቁት መዳን በማይቻልበት ሰዓት ነው። ይህን ስሰማ ጉርሻዬን መሶቡ ላይ መለስኩት።

«ነገ ጤና ጣቢያ ካልሄድሽ ለእናቴ እነግራታለሁ» አልኳት። እስከዚያ ቀን እታታን አስፈራርቻት አላውቅም። መሶቡን አንስታ ወጣች። ጠዋት ግን ገበያ ከመሄድ ይልቅ ሂጃቧን ቀይራ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

ጤና ጣቢያ የመረመረቻት ያቺው ሲስተር ናት። ሁለቱንም ጡቷንና ብብቷን በእጇ ዳሰሰች። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም። «አብዛኛው እብጠት ክፉ አይደለም፤ ይሄ ግን መታየት አለበት» አለችና ወደ ሆስፒታል ላከቻት። እዚያ አልትራሳውንድ ተነሳች፤ ከዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ተላከች። አዲስ አበባ ማሞግራፊ በሚባል ማሽን አይተዋት በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ስትመለስ «እንደ ሳምቡሳ ሊጥ ዳመጡኝ» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። ውጤቱ ሲደርስ መጥታ እንድትወስድ ቀን ሰጥተዋታል።

ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ። ለጎረቤት አይነገርም፤ ገበያ ከተሰማ ሰው እቃዋን ትቶ እሷን ማየት ይጀምራል አለች። ለእናቴም አይነገርም። «በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ታድርልሻለች» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ከባድ የሆነው እሺ ካልኩ በኋላ ያለው ነው።

ውጤት የምትቀበልበት ሐሙስ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ወደ መናኸሪያ ሄደች፤ አርብ እመለሳለሁ ብላኛለች። መርካቶ የምታድረው ሽንኩርት የምትልክላት ሀዋ ጋ ነው። ሐሙስ ማታ ደወለችልኝ። «ውጤቱስ?» አልኳት። «አልደረሰም፤ በልተሽ ተኚ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም።

አርብ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጣሁ። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን ዘግተዋል የምትለዋ ሴትዮ በአማርኛ ትነግረኛለች፣ በኦሮምኛ ትነግረኛለች፣ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስኪመሽ ያናገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ግቢያችን በተርታ የተሠሩ ኪራይ ቤቶች ያሉበት ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ እንላለን። አንዱ ቤት ኳስ ያያሉ፤ አንዱ ቤት ልጅ ያለቅሳል፤ እትዬ ትርሲት ዕቃ እያጠቡ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ይህ ሁሉ ድምፅ እያለ እኔ ለአንድ ሰው ወጥ ማሞቅ አቅቶኝ ድስቱን አየዋለሁ። እትዬ ትርሲት በመስኮት «ሐያትዬ፣ ሰዓዳ ጠፋችብን እኮ» አሉኝ። «ዓለም ጤና ናት፣ ሽንኩርት ልታስጭን» አልኳቸው። «አይ እሷ፣ መቼ ነው የምታርፈው» አሉና መዝሙራቸውን ቀጠሉ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ነይ ግቢ ቢሉኝ ሁሉንም ልነግራቸው ነበር መሰለኝ። አላሉኝም። በምን ያውቃሉ።

ቅዳሜ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ሻሿን አስራ ኩሽና ውስጥ ቆማለች። ያው የሥራ ቦታዋን ወሬ ታወራኛለች። «ዛሬ ማዳም ለጡት ምርመራ ሄዳለች፤ ቤቱ ለእኔ ሆኗል» አለችኝ። «አሟት ነው?» አልኳት። «ምን ያማታል፣ እንደ ፈረስ ናት። እዚህ እኮ ዕድሜያቸው ሲደርስ ስልካቸው ላይ መልእክት ይገባላቸዋል፤ ቀጠሮሽ ደርሷል፣ ነይ ይላቸዋል። ሳያማቸው ነው የሚታዩት። የአንዳንድ አገር መንግሥትማ ደብዳቤ ቤት ድረስ ይልካል ትላለች ማዳም።» ከዚያ ሳቅ ብላ «እኛን ማን ይጠራናል» አለች። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔን እንዳታይ ስልኩን ዝቅ አደረግሁት። «እታታሽስ?» አለችኝ። ዓለም ጤና ብዬ ለእሷም ዋሸሁ። ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም እናቶቼ በአንድ ጊዜ የጠፉብኝ መሰለኝ።

እሁድ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ጣሪያው ላይ ስትወጣ፣ በር ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሁለቱ ነጭ ጀለቢያና ኮፍያ ያደረጉ፣ ሦስተኛው ነጭ ጋቢ ለብሰው ከዘራ የያዙ። ሁለቱን አላውቃቸውም። ባለ ከዘራው ከእኛ ሰፈር ራቅ ብለው የሚኖሩ አባ ገመቹ መሆናቸውን በኋላ ነው የለየሁት። በዕድሜ የሚበልጡት ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አሰላሙ አለይኩም። የሰዓዳ ቤት ይሄ ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። አዎ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«የእህቷ ልጅ ነኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። ሀጂው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትልቅ ሰው አለ ከቤት?»

«የለም።»

«እንግዲያው ከጎረቤት ትልቅ ሰው ጥሪልን እስኪ ልጄ። ነገሩ ለልጅ የሚነገር አይደለም።»

ጠዋት። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች። ትልቅ ሰው ጥሪልን። እታታ አለች ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህ ሲደመር ምን እንደሚሆን ያውቃል። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሕፃን ሳለሁ የአባቴንም ሞት የነገሩን እንዲህ ነው ይባላል።

እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ ጮኽኩ። «እታታዬን ካንሰር ገደለብኝ! ሐኪም ቤት ብቻዋን ሞተችብኝ!» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ አይደለም፤ ሌላውን አላስታውሰውም። ኋላ ጎረቤቶቼ ሲያስመስሉኝ ነው የሰማሁት።

በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። እትዬ ትርሲት እጃቸው ላይ ሊጥ እንዳለ ሮጠው መጡ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳይጠይቁ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እሳቸውን ያዩት ሌሎቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ከወዲያኛው ቤት ጎረምሶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው እየመጡ ነው፤ ለቀስተኛ ሊያስቀምጡ። ሀጂው «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች፣ ማን ሞተ አላችሁ!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

አባ ገመቹ ከዘራቸውን ጥለው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። አንጓዬን ያዙኝ። «ኢንቦይን፣ ኢንተላ ኮ። አታልቅሺ ልጄ። ማንም አልሞተም። ሰዓዳን ለጋብቻ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉኝ።

ይህን የሰማው ለቅሶውን አቋረጠ፤ ከዚያ ያልሰማውም ተከተለው። ጎረምሶቹ ወንበሩን እንደተሸከሙ ቆመው ቀሩ። የእትዬ ትርሲት ቀሚስ ደረቱ ላይ የሊጥ መዳፍ ታትሞበታል። በሌላ ቀን ቢሆን የሚያስቅ ነበር።

የሳቀ ግን የለም። ሀጂው እያዩኝ ነው። «ካንሰር ያልሽው ምንድን ነው?» አሉኝ በቀስታ።

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ይሄው በቂ መልስ ሆናቸው። ሀጂው አንገታቸውን ደፉ። «አላህ ያሽራት። መጥተን ነበር በያት» አሉና ወጡ። አባ ገመቹ መጨረሻ ወጡ፤ በሩ ላይ ዞር ብለው አዩኝ። ሴቶቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ገቡ። እኔ ደፉ ላይ ቀረሁ። እታታ ስትደብቀው የከረመችውን አውጥቼ ጨረስኩት፤ በዚያ ላይ ደግሞ ሽማግሌ መልሼባታለሁ። በምን ዓይኔ ነው የማያት? መልሳ የምትመጣ ከሆነ።

እትዬ ትርሲት እጃቸውን ታጥበው ተመለሱና አጠገቤ ተቀመጡ። ትከሻቸውን አስጠጉኝ።

እንደዚያው ሆነን ሳለ የመኪና ድምፅ ግቢው በር ላይ ቆመ። የእታታን ሽንኩርት የሚጭነው የአይሱዙ ሾፌር ጀማል ነው። ለካ ሽማግሌዎቹን የላከው እሱ ኖሯል። ጀማል ከእታታ ጋር ስለ ጭነት ሲጨቃጨቅ እንጂ ሌላ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ የሆነውን ነግረውታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሽማግሌ አትላክ ብላኝ ነበር» አለ ቆሞ። «እኔ ሴት ልጅ መጀመሪያ እንደዚያ ትላለች ሲሉኝ፣ ልትኮራብኝ መስሎኝ...» አልጨረሰውም። «የት ነው ያለችው?»

«ስልኳ ዝግ ነው። ሀዋ ጋ ነበር የምታድረው።»

የሀዋን ስልክ እሱ ያውቀዋል፤ ጭነቷን የሚያራግፈው እሱ ነው። ደወለ። ሀዋም፣ እታታ እሷ ጋ እንዳለች፣ ከሐሙስ ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች፣ ምን እንደሆነች እንደማትናገር ነገረችው። አለች። በሕይወት አለች። ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም።

ጀማል «ልሂድ» አለ። እኔም ልሂድ አልኩ። እትዬ ትርሲት «ልጅቷን ብቻዋን አልሰድም» ብለው ነጠላቸውን አነሱ። ሦስታችን አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን ወደ አዲስ አበባ ተነሳን። ቢሾፍቱን ስናልፍ እትዬ ትርሲት ድንገት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኔም እኮ አለኝ፤ በቀኝ በኩል» አሉኝ። «ቆይቷል። እየጸለይኩበት ነው።» ቀስ ብለው ያሉት መስሏቸው ነው፤ ድምፃቸው የመዘምራን ድምፅ ነው። ጀማል ጆሮው ቀልቶ ሬድዮውን ከፍ አደረገው።

ሀዋ ቤት ስንደርስ እታታ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። እኔን ስታይ ተነስታ ተቀመጠች። ከስታ ነበር፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው እንዲህ ይከሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ማን ነገራችሁ?» አለች።

«እኔ» አልኩ። «ለግቢው ሁሉ። ሽማግሌዎች መጥተው መርዶ መስሎኝ ጮኽኩ።»

«ሞታለች ብለሽ?»

«አዎ።»

«በደንብ ጮኽሽ?»

እትዬ ትርሲት «ኧረ ሰፈር ነው የቀወጠችው» አሉ። እታታ ለመቆጣት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ ነው። ያ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ያቋረጠችው ሳቅ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ሆኜ አልቅሰሽ ጨረስሽው። ስሞት ደግሞ እንዳትሰስቺብኝ» አለችኝና አንገቴን ስባ አቀፈችኝ። ከዚያ እያለቀሰች ነገረችን። ሐሙስ ዕለት ውጤቱን ሳይነግሯት «ሰው ይዘሽ ነይ» ብለዋት ነው። ሰው ይዘሽ ነይ የሚባለው ለሞት ነው ብላ አሰበች። ለማን ደውላ ነይልኝ ትበል? ስልኳን ዘግታ ተኛች።

ጀማል በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

«አትላክ ብዬህ አልነበር?» አለችው።

«ሁሉም ሴት እንደዚያ ትላለች ብለውኝ ነው።»

«እኔ ሁሉም ሴት ነኝ?»

«አይደለሽም» አለ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ «ሐሙስ የዓለም ጤናውን ሽንኩርት ማን ሊያስጭነው ነው?» ብሎ ጠየቃት። እታታ ግድግዳውን ትታ ወደ እሱ ዞራ ተቀመጠች።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል አራት ሆነን ገባን። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየንና «ከመካከላችሁ ቤተሰብ ማን ነው?» አለ። እኔም፣ እትዬ ትርሲትም፣ ጀማልም «እኔ» አልን። ሐኪሙ እታታን ውጪ ጠብቂ ሊላት ሲል፣ እሷ ወንበሩን ጠጋ አድርጋ «ለእኔ ንገረኝ፤ እነሱ ይስሙ» አለችው።

ነገራት። ካንሰር ነው። ትንሽ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ይቀጥላል። ሰው ይዘሽ ነይ የተባለችውም ስትታከም የሚያስታምማት ስለሚያስፈልግ ነው። «እናትሽ በዚህ ሞታ አንቺ በዚህ ደረጃ መምጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። ማን ነው የላከሽ?» አላት። እታታ ወደ እኔ አመለከተች። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ለእኔም ወንበር ሳበልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀላል አልነበሩም። ፀጉሯ ረገፈ፤ የምትወደው ምግብ ሁሉ ሸተታት። ለእናቴ ነገርናት፤ እንደተባለውም አለቀሰች። ግን በማግስቱ ለማዳሟ ነግራ እሷም እዚያው ሄዳ ታየች፤ ደህና ናት። ገበያ ላይ የእታታን መደብ ባልንጀሮቿ በተራ እየቆሙ ሸጡላት። እትዬ ትርሲትን እታታ ራሷ ናት እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ የወሰደቻቸው። «ጸልዩበት፤ ግን አሳዩት» አለቻቸው። የእሳቸው ውሃ የቋጠረ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ሽማግሌዎቹስ? ተመለሱ። እታታ ሕክምናውን ጨርሳ ፀጉሯ እንደ ሕፃን ፀጉር መብቀል ሲጀምር፣ እሁድ ጠዋት፣ ያው ነጭ በነጭ ሆነው መጡ። በሩን የከፈትኩት አሁንም እኔ ነኝ። አባ ገመቹ «ዛሬስ ሳታለቅሺ ታስገቢናለሽ?» አሉኝ። ሀጂው ደግሞ አልቀመጥም አሉ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። እታታ ከውስጥ ሆና «ይቀመጡ በያቸው፣ ሰምተናል» ስትል ግቢው ሁሉ ሳቀ።

አሁን ያንን ጊዜ ሳስብ የሚያመኝ ጩኸቴ አይደለም። ቅዳሜና አርብ ናቸው። ከስሱ ግድግዳ ወዲያ እትዬ ትርሲት የራሳቸውን ደብቀው ይዘምራሉ፤ ከግድግዳው ወዲህ እኔ የእታታን ደብቄ ድስት አያለሁ፤ እታታ ደግሞ አዲስ አበባ ግድግዳ ታያለች። አንድ ነገር የፈራን ሦስት ሴቶች፣ ሦስታችንም ብቻችንን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሴቶች፣ እናቶች፣ እህቶች፣ አንድ ነገር ልጋብዛችሁ። ጤና ጣቢያችን በሳምንት አንድ ጠዋት የጡት ምርመራ አለው። የእታታ ገበያ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሄዳሉ፤ የቀሩት መደባቸውን ይጠብቁላቸዋል። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ጓደኛችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አዳማ ሆናችሁ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካጣችሁ ደግሞ፣ በምርመራው ጠዋት የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ከሆነ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ታገኙኛላችሁ። ደብተር ይዛ የምትጽፍ ልጅ ካያችሁ እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀመጡ፤ ስማችሁ እስኪጠራ አብረን እናወራለን።